ሸራው አልወርድ ያለ ዕለት

ከደባርቅ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ በጎንደር ሚኒባስ ነው። እማዬ እስከ ዳባት ሸኘችኝ። ስትወርድ ሾፌሩን፣ «አደራህን ልጄን፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው፤ ቤሩት ድረስ የሚያደርሰኝ እሱ መስሏት። አንጀቱን በልታው ነው መሰል «እሺ እናቴ» አላት።

ቤሩት ሰው ቤት ሠራሁ፤ ከዚያ ወደ ቆጵሮስ ተሻገርኩ። ሙቀቱ የእኛን ቆላ፣ ዛሪማን ያስመሰግናል፤ ምግባቸውም በርበሬ አያውቅም። አሁን የማበስለው ቱሪስት በሚያመላልስ የሸራ ጀልባ ላይ ነው። ባለቤቱ ካፒቴን ያኒስ ሲቀጥረኝ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ «ባሕር ለምደሻል?» አለኝ።

«ያደግሁት ባሕር ላይ ነው» አልኩት። የስሜን ገደል ሥር የሚተኛውን ደመና እንደ ባሕር ቆጥሬ ነው እንጂ ውሃ መች አይቼ!

ደግ ሰው ነው፤ መሪ መያዝም አስተማረኝ። «ትልቁ ሸራ የሚወርደው ጀልባዋ ፊቷን ለነፋስ ስትሰጥ ብቻ ነው» እያለ ይደጋግምልኛል። እኔም ገብቶኛል እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቱሪስቶቹን አውርደን ስንመለስ ድንገት ነፋስ ተነሣ። ካጠገባችን ድንጋያማ ዳርቻ አለ። ያኒስ ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ሰጠኝና ሸራውን ሊያወርድ ወደ ምሰሶው ሮጠ። «ወደ ነፋሱ አዙሪ!» አለ። እኛ አገር ግን ከገበያ ስንመለስ በረዶ ከጣለብን፣ የአህያዋን ጀርባ ለነፋስ ሰጥተን ተከናንበን ነው የምንቆመው። እጄ የለመደውን አደረገ፤ የጀልባዋን ጀርባ ለነፋሱ ሰጠሁት።

ሸራው ከታች የታሰረበት ግንድ ከወዲያ ወዲህ ተወርውሮ በያኒስ አናት ላይ አለፈ። ለጥቂት ጎንበስ አለ። ሸራው ተወጥሮ ቀረ፤ ገመዱን ቢፈታው፣ ቢጎትተው፣ ወይ ፍንክች! ዓለቱ እየቀረበ መጣ። ፈራሁ። ብሞት ለእማዬ ማን ይነግራታል ብዬ አሰብኩ።

መሪውን በደረቴ ተደግፌ ወደ ነፋሱ አዞርኩት። ነፋሱ ፊቴን ሲጠፈጥፈኝ ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ። ሸራው ላልቶ መራገብ ጀመረ። ግንዱ ግራና ቀኝ ሲወናጨፍ፣ «ተኛ! አንተ ሰውዬ፣ ተኛ!» ብዬ ባማርኛ ጮህኩበት። እሱም እውነት ተኛ! ተኝቶም ሸራውን ቁልቁል ሳበው፤ እየተጣጠፈ ወረደ። እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም፤ ወደብ እስክንገባ እጮህ ነበር።

እንደደረስን እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ምነው ድምፅሽ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ዛሬ ልሞት ነበር ልላት አፌ ላይ ደረሰ። «ጉንፋን ነው» አልኳት።

«በይ እንግዲህ ነይና እኔ ላስታምምሽ።»

«እመጣለሁ፣ እማዬ።»

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም።