በጎማ ጀልባ ላይ የተቀበልኩት አደራ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት፣ እግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቦርሳ «ጀልባ ናት» ሲለኝ ሳቅሁ። ተነፍታ ሰው ትጭናለች አለኝ። ሳቄ ወዲያው ጠፋ፤ የዚያን ጊዜዋ የጎማ ጀልባ ትዝ አለችኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። እኅቴ ሮማን ከባሏ ከጌታቸው ጋር በዲቪ ኦክላንድ ከገባች ገና ዓመቷ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እኖራለሁ። ጌታቸው ከያርድ ሴል፣ ሰው ደጁ ላይ አውጥቶ ከሚሸጠው ዕቃ መሐል፣ አሮጌ የጎማ ጀልባ ገዛ። በመስከረም ሞቃት ቅዳሜ ፍርፍር በሳህን ቋጥረን፣ የስምንት ወሯን ሊዲያን ታቅፈን ከተማው መሐል ወዳለው ሐይቅ ወረድን።

«ዋና ሳንችል?» አልኩ።

«ሐይቅ እኮ ነው፤ የት ይሄዳል?» አለ ጌታቸው።

ቢሾፍቱ ላደገ ሰው እውነቱን ነው። የእኛ አገር ሐይቅ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይኸኛው ግን ከባሕር ጋር የተገናኘ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ይዞት ይሄዳል። ይህን ማን ይንገረን?

ጌታቸው ሊዲያን ይዞ ዳር ቀረ፤ እኔና ሮማን ጀልባዋ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ እየተሳሳቅን ቀዘፍን። ቆይቶ ጀልባዋ እምቢ አለችኝ። ብቀዝፍም ወደ ኋላ ትሄዳለች። ፊቴ ላይ የተረጨውን ውሃ ስቀምሰው ጨው ነው። ዞር ስል፣ ከመንገዱ ሥር ጨለማ የሲሚንቶ ዋሻ አፉን ከፍቶ ውሃውን ይስባል። የሊዲያ ለቅሶ ከዳር እየቀጠነ ይሰማኛል።

ሮማን አላለቀሰችም። እጄን ጨምድዳ ይዛ «ልጄን አደራ!» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። አንድ ጀልባ ላይ መሆናችን ለሁለታችንም አልታየንም።

ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ከዳር «ስታንድ አፕ! ስታንድ አፕ!» እያለ ይጮኻል። ጎማ ላይ ማን ይቆማል? ይባስ ተጣበቅን። ጌታቸው ሊዲያን እንደታቀፈ በዳር በዳር እየሮጠ ደረሰ።

«ወርዳችሁ ቁሙ ነው የሚላችሁ! ውሃው ሸሽቷል፣ ጥልቅ አይደለም!»

ዐይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ። እግሬ ጭቃ ረገጠ፤ ውሃው ወገቤ ላይ ቀረ። ሮማንን ጎትቼ አወጣኋት። ጀልባዋ ብቻዋን ዋሻው ውስጥ ገባች።

ሮማን ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ልጇን አጠባች። ፍርፍሩን የነካው አልነበረም።

ሮማን ዛሬም አለች፣ ተመስገን። ያንን አደራ ግን መልሳ አልተቀበለችኝም፤ እኔም ተቀበይኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሊዲያ አሁን ከኦክላንድ አለፍ ብሎ አልባኒ ቤት ይዛ ትኖራለች። ከሥራ የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ እደውልላታለሁ።

«አንክል፣ አይም ሆም፤ ቤት ገብቻለሁ» ትለኛለች እየሳቀች።

ለምን እንደምደውል አታውቅም። ስልኩን እስክታነሳ ድረስ ግን አልቀመጥም።