የወፈርኩበት ዓመት

በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ዓመት ተመስግኜ አላውቅም። በሥራዬ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሞያሌ ውስጥ ደግሞ ሱሪው በልኩ ስለተሰፋለት ሰፊውን የሚያመሰግን ሰው ገና አልተወለደም። የተመሰገንኩት በፊቴ ነው። ጉንጬ ሞልቶ፣ አገጬ ሁለት ሆኖ፣ በበረንዳዬ በኩል ያለፈ ሁሉ ቆም እያለ ያደንቀኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ ጭኖ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ አንድ ሹፌር ደንበኛዬ፣ «ጋሼ፣ ኬንያ ተስማማችዎት እኮ፤ ፊትዎ ጨረቃ መሰለ» አለኝ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ያወፈረኝ የበሽታዬ መድኃኒት መሆኑን ግን ከሐኪሙና ከመድኃኒት ቤቷ ልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በሽታው የጀመረው ጭኔ ላይ ነው። ምንም ሳይመታኝ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጣብኝ። ቀጥሎ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ እየደማ አልቆም አለ። ሐኪም ቤት ሄጄ ደሜ ተመረመረ። ሐኪሙ፣ ሰውነቴ ደም የሚያረጋውን ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያጠፋው መሆኑን ነገረኝ። «ራሱን በራሱ ነው የሚዋጋው» አለ። በወጣትነቴ አገሬን ለቅቄ፣ ከስደተኛ ካምፕ ወጥቼ እዚህ በኬንያው ኬላ አጠገብ እስክቀመጥ ድረስ ከራሴ በቀር አብሮኝ የኖረ ሰው የለም። እሱም ተጣላኝ ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የታዘዘልኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ጥቃቅን ነጭ ኪኒን ነበር፤ በቀን አንዴ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አማርኛ አታውቅም፤ በስዋሂሊ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እያነሣች አስረዳችኝ። ሰውነት የዚህን ዓይነት ነገር በየቀኑ ራሱ ይሠራል፤ ከውጭ ሲመጣለት ግን ሥራውን ትቶ ይተኛል። በድንገት ካቋረጡት ቶሎ አይነቃም፣ ያን ጊዜ ሰው ይወድቃል። የሚቀነሰው ሐኪሙ ባለው ልክ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። የሚያስመልስ በሽታ ከያዘህና ኪኒኑ ሆድህ ውስጥ ካልቆየ በዚያው ቀን ና፣ ነገ አትበል አለችኝ። መጨረሻ ላይ፣ «ምዜ፣ ኡሲአቼ ጋፍላ» አለች፤ ሽማግሌው፣ በድንገት እንዳትተው ማለቷ ነው። ከዚያ ይህን መድኃኒት መውሰድህን ቤት ውስጥ የሚያውቅልህ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ሰው አለ አልኳት።

የመጀመሪያውን ስሕተት በዚያው ሳምንት ሠራሁ። የኪኒኑ ከረጢት ላይ 8:00 ብላ ጽፋለች። እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዓትን በሁለት መንገድ ሳነብ ኖሬያለሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው በአፉ ሁለት ሰዓት ይልና ሲጽፍ ስምንት ይጽፋል፤ ይህን የማያውቅ የሞያሌ ሰው የለም። የታመመ ሰው ልቡ ወደ አገሩ ይመለሳል መሰለኝ፣ ጠዋት መባሌን ረስቼ ስምንት የሚለውን ስምንት ብዬ አነበብኩት። ምሳዬን እየበላሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አሥራ ሁለቱንም እውጥ ነበር። እንቅልፍ ካገር ጠፋ። ዓይኔ ፈጦ ያድራል፤ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ አንድ እግሩን ከሌላው አሳጥሬ ሰፋሁት። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከዚያ በእስክሪብቶ የምትወጣ ፀሐይ ሥላ ሰጠችኝ።

ሰው ዓይኑን ያምናል፣ እኔ ሜትሬን አምናለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ራሴን እለካ ነበር። ወገቤ ይጨምራል፤ አንገቴም ይጨምራል፣ የሸሚዜን ኮሌታ ሁለቴ ፈትቼ አስፍቼዋለሁ። ክንዴና ጭኔ ግን እየቀነሱ ሄዱ። ሰፊ ያልሆነ ሰው ይህን አያይም። ለሐኪሙ ስነግረው አልተገረመም፤ ጨውና ስኳር ቀንስ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርህ ሂድ አለኝ። «ይህን ፊት እኛም የጨረቃ ፊት ነው የምንለው» ሲለኝ ግን እኔ ተገረምኩ። ሹፌሩ ሲያሞግሰኝና ሐኪሙ ሲመረምረኝ የተናገሩት አንድ ቃል ነበር።

ለምን ለሰው አልተናገርክም የሚለኝ ይኖራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን አግኝቼ ነው በሽታውን የደበቅሁት። ዋናው ነገር ኩራት ነው። በየበዓሉ ሱቄን ዘግቼ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ስሻገር ሰዉ ዘመድ ቤት የምሄድ ይመስለዋል። ዘመድ የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ሰው ሳያየኝ እመለስና፣ በሱቄ ጓሮ ባለችው ክፍሌ በሩን ዘግቼ ሁለት ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ከዚያ ከፍቼ ስወጣ፣ «በዓል እንዴት ነበር?» ሲሉኝ፣ «ቤቱ ሞልቶ ነበር» እላለሁ።

ይህን ከሚጠይቁኝ ሰዎች አንዷ ከጎልቦ ቆላ የግመል ወተት እያመጣች በረንዳዬ ጥግ የምትሸጥ የቦረና ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አዮ እላታለሁ፣ እናት እንደማለት ነው። እሷ እኔን ፉንዲ ነው የምትለኝ፤ እዚህ ባለሙያ ሁሉ ፉንዲ ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ አንተ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ፊት ለፊቷ የቆመውንም እሱ ነው የምትለው። «ፉንዲ ወፍሯል» ትለኝ ነበር ጠዋት ጠዋት፣ «ጥሩ ነው፣ ነጋ ነው።» ነጋ ሰላም ማለት ነው።

ፋሲካ ደረሰ። በጾሙ ሥጋና ወተት ትቼ ነበር፣ ለኪኒኑ ስል ግን ጠዋት ቁርስ እበላለሁ፤ የሚያይ ስለሌለ የሚታዘብም የለም። በዓሉ ዕለት እንደ ልማዴ ተሳልሜ ተመለስኩ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ጠብሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ጨረስኩት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት ያን ጊዜ አላስታወስኩትም። ከሰዓት በኋላ ሆዴ ተገለባበጠ። በማግስቱ ስድስቱን ኪኒኖች ዋጥኩ፣ ያን ጊዜ ስድስት ደርሼ ነበር፤ ወዲያው ወጡ። ነገ ይሻለኛል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ኪኒኑን የማነሣበት ጉልበት አልነበረኝም። ልነሣ ስል ቤቱ ይዞርብኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ ግን ይበርደኛል። ነገ አትበል ያለችኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፣ አራቱን መራመድ አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከቆርቆሮው በር ማዶ የሹፌሩን ድምፅ ሰማሁ። የሰጠኝን ሱሪ ሊወስድ መጥቷል። አንዴ አንኳኳ። ከዚያ የአዮ ድምፅ መጣ፦ «ፉንዲ የለም። ለበዓል ተሻግሯል።»

እሷ ሁሉንም እሱ ስለምትል፣ ለእኔ የምትነግረኝ መሰለኝ። ወደ ወዲያኛው ዓለም ተሻግረሃል ያለችኝ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። የሹፌሩ እግር ሲርቅ ሰማሁ። ለዓመታት የገነባሁት ውሸት ይኸው በሬ ላይ ዘበኛ ሆኖ ቆሞ ሰው ይመልስልኛል። አልጋው አጠገብ ያለው ሣጥን ላይ መቀሴ ነበረ። በሁለት እጄ ይዤ የግድግዳውን ቆርቆሮ መታሁት፤ ደግሜ መታሁት።

በሩን ጎረቤት ጠርታ ያስከፈተችው አዮ ናት። በባጃጅ ስንሄድ ጭንቅላቴ ጭኗ ላይ ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ፣ «ፕሬድኒሶሎን፣ ሦስት ቀን» ብቻ አልኩ። ነርሷ ሌላ አልጠየቀችም፤ ወዲያው በደም ሥሬ መርፌና ውኃ ሰጡኝ። ቀትር ላይ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ ቆጣ ብሎ በስዋሂሊ ሲያስረዳኝ አዮ አጠገቤ ነበረች፣ ከነገሩ ሁሉ የገባት ግን ሆድ የሚለው ብቻ ነው። ሲወጣ ጉንጬን ነካ አደረገችና፣ «ሥጋው ነው ያዳነው» አለች። «ቀጭን ቢሆን ይሞት ነበር።» መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። አላስረዳኋትም።

ከዚያ በኋላ ወራት ፈጀ፣ አወራረዱ። ከስድስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አራት፣ እያንዳንዱ ከደም ምርመራ በኋላ። ነጠብጣቡ ከጭኔ ጠፋ፣ የድዴም ደም ቆመ። ኪኒኑ ሁለት ሲደርስ ፊቴ መሟሸሽ ጀመረ፤ ቆዳው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ኮሌታዬ አንገቴ ላይ ይሽከረከራል። እኔ እየዳንኩ ነው፤ ከተማው ግን እየሞትኩ መሰለው። በዚህ አገር የከሳ ሰው በክፉ በሽታ ተጠርጣሪ ነው። ሹፌሩ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ከሄሉ ሰፈር የሚመጡ ሴቶች ልብሳቸውን ሰጥተውኝ ሲሄዱ ያንሾካሹካሉ። ታምሜ ሳለ ምርቃት፣ ስድን ሐዘኔታ። ተናደድኩ፤ መልሼ ደግሞ በማን ላይ እናደዳለሁ አልኩ።

አዮ ግን አላንሾካሾከችም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጄሪካኗን በረንዳው ጥግ ከማስቀመጧ በፊት ቤቴ ትገባለች፣ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ኩባያ ወተት ትቀዳልኛለች። እስክጨርስ አትነሣም። ስለ ጎልቦ ዝናብ ታወራለች፤ ስለ ግመሎቿ፣ ወደ ደቡብ ሄዶ ስለማይደውል ልጇም ታወራለች። ወተቱን ስጨርስ ዞር ብዬ ኪኒኔን እውጣለሁ። ሳታውቅ መድኃኒቴን በሰዓቱና በሆዴ ሙሉ የምታስወስደኝ እሷ ሆነች። ሃያ ዓመት በዚያች ክፍል ስኖር ጠዋት በሬን የሚያንኳኳ ሰው ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ከመምጣቷ ቀድሜ እየተነሣሁ አግዳሚውን እጠርግላታለሁ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ደምህ ንጹሕ ነው አለኝ። ኪኒኑን ጨርሰሃል። ለአንድ ዓመት ያህል ግን ጠና ያለ ሕመም ከያዘህ ወይም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገህ ይህን መድኃኒት ትወስድ እንደነበር ለሚያክምህ ሰው ተናገር። እሺ አልኩ። በእግሬ ተመለስኩ፤ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ አልከዳኝም።

አዮ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ገበያዋን ትታ ነው። አንገቴን አየች፣ ክንዴን አየች።

«ፉንዲ፣ ሐኪም ምን አለ?»

ድኛለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። የዳነ ሰው ቤት ጠዋት ጠዋት ማን ወተት ይዞ ይመጣል?

«ገና ነው አሉ፣ አዮ» አልኳት።

ኩባያውን ሞልታ ሰጠችኝ፣ እስክጨርስም ጠበቀችኝ።