ከወይራው በላይ

በደርግ ዘመን አጎቴ ደብረ ታቦር የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ለአውራጃው ሩጫ ሲያዘጋጁኝ አሸዋ የሞላ ከረጢት አሳዝለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው አቀበት ያስሮጡኝ ነበር። ጫፉ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ መንገዱ ዳር ካለው ወይራ ሥር ሁልጊዜ «በቃሽ!» ይሉኝ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ አልደከመኝም እኮ!»

«ሳይደክምሽ ነው መመለስ። የቀረውን ጉልበት ለነገ አሳድሪው።»

የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ያለንን ሁሉ ለግንባር እንድንሰጥ ሲጮህ በሚውልበት ዘመን፣ ለነገ አስተርፊ ያሉኝ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ግን በሽቄ እመለስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አስከሬናቸውን አጅበን ያንኑ አቀበት ወጣን። ወይራው ሥር ስደርስ እግሬ በልማዱ ቆመ፤ ለቀስተኛው አለፈኝ። «በቃሽ» የሚለኝ ግን አልነበረም፤ እስከ ጫፉ ወጣሁ።