የተፈረመበት ትርፍ ወረቀት

የበደለኝ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጊዜውም ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ቡና መቅላት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ያኔ እሱ የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ እኔ ጸሐፊ ነበርን። ቢሯችን ሚዛን ተፈሪ ነበር፤ አባሎቻችን ግን ከሸኮና ከቴፒ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው።

ክርክሩ የተነሣው በስም ነው። ማኅበሩ ቡናውን ለውጭ ገዢ በራሱ ስም ለመሸጥ ፈልጎ፣ በኢንተርኔት ላይ ገጽ ይከፈትለት ተባለ። ለገጹ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻው የማኅበሩ ስም ሆኖ መጨረሻው ወይ ነጥብ ኢቲ ወይ ነጥብ ኮም ይሆናል። ነጥብ ኢቲ የአገራችን ነው። እሱን ለማግኘት ንግድ ፈቃድና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ ስሙም የሚመዘገበው በድርጅቱ ነው። ነጥብ ኮምን ግን የቀደመ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ በግሉ ይወስደዋል። ይህን ያወቅኩት አዲስ አበባ ለሥልጠና ተልኬ ነው። እሱ የሰማው ከእኔ ነው።

በጉባኤው ላይ ነጥብ ኢቲ ይሁን አልኩ። ሊቀመንበር ይለወጣል፣ ማኅበሩ ይቀራል፤ ስሙም በማኅበሩ ይሁን።

«እትዬ፣ ያ ሁሉ ደብዳቤ እስኪመላለስ ቡናው ይሸብታል» አለ ሊቀመንበሩ። ሰው ሳቀ።

ከሸኮ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነበር። «አንተስ ሸብተህ የለም ወይ? ማን ጣለህ?» አሉት። ሳቁ ባሰ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ወደ እኔ ዞሩ፦ «ልጄ፣ ይህ ስም ከእጃችን ከወጣ ማን ይመልሰዋል?»

«በማኅበሩ ከተመዘገበ አይወጣም፣ አባቴ» አልኳቸው።

እጅ ተቆጠረ። ነጥብ ኢቲ አሸነፈ።

በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ይፈረማል፣ ቃለ ጉባኤው በኋላ ይጻፋል። ዝናብ ከጣለ የሸኮው መንገድ ይጨቀያልና ተወካዮቹ እኔ ጽፌ እስክጨርስ አይጠብቁም። በባዶ ወረቀት ግርጌ ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን የማኅተም ቀለም ነክሮ ያሳርፋል፤ እኔ በማግስቱ ከላይ እተይባለሁ። ማንም ይህን እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር። እኔም አልቆጠርኩትም። የዚያን ቀን ተወካዮቹን የሚመልሰው መኪና ጥሩምባውን ሲያስጮህ ሁለት ወረቀት አስፈረምኩ፤ አንዱ ሲተየብ ቢበላሽ ሌላው መጠባበቂያ እንዲሆን።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው ሁለተኛውን አይተው።

«ትርፍ ነው።»

አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ እኔም እንደ ልማዴ ከሥር ፈረምኩ።

የመጀመሪያው አልተበላሸም። ትርፉን መሳቢያዬ ውስጥ ተውኩት። መሳቢያው ቁልፍ አልነበረውም። ለነጥብ ኢቲ የሚላከውንም ማመልከቻ ተይቤ፣ ሊቀመንበሩ ማኅተም እንዲያደርግበት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

ገጹ ከጥር በፊት ተከፈተ፤ መጨረሻው ነጥብ ኮም ነበር። ስጠይቀው «ለጊዜው ነው» አለኝ። አንድ አድራሻ በማን ስም እንደተመዘገበ ማንም ገብቶ ማየት ይችል ነበርና ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አየሁ። የእሱ ስም እስከ አያቱ፣ የቤቱም ስልክ ተጽፏል። ማኅበሩ የለም።

ቢሮው ገባሁ። ምንም ሳይደነግጥ ከፋይል ውስጥ ወረቀት አወጣ። አድራሻው በነጥብ ኮም፣ በሊቀመንበሩ ስም እንዲመዘገብ በሙሉ ድምፅ መወሰኑ ተተይቦበታል። ከሥሩ ፊርማዎቹ፣ የሽማግሌው አውራ ጣት፣ በመጨረሻም የእኔ ፊርማ።

«ይህ ትርፉ ወረቀት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ለሰው ምን ልትዪ ነው? ገበሬውን ባዶ ወረቀት አስፈርም ነበር ልትዪ ነው?»

ለሁለት የቦርድ አባላት ነገርኩ። እነሱ ለእሱ ነገሩት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት አስታራቂ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ እሱ ከኋላቸው። ከሦስቱ አንዱ ባለቤቴን የቀበሩ ሰው ናቸው። «ስም ነው የወሰደው እንጂ ቡና አልወሰደም» አሉኝ። «ደግሞም የልጆችሽ አጎት ነው፤ ቤት አታፍርሺ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ይቅር አልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ከፋሲካ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት አዛወረኝ፤ በወንበሬ ላይ የሚስቱ እህት ተቀመጠች።

አንድ ነገር ግን ረስቶ ነበር። ስሙን ሲያስመዘግብ ኢሜይል ተጠይቆ፣ በቢሮው የነበረውን አንዱን ሰጥቷል። እሱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የይለፍ ቃሉን የማውቀውም እኔ ብቻ። ስዛወር ማንም አልጠየቀኝም። አዲስ ከፈቱ።

ስሙ የተመዘገበው ለሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ካልታደሰ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል ይላል። ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። በየቀኑ የቢሮው ደረጃ ላይ ከእሱ ጋር እንገናኝ ነበር፤ እንደምን አደርክ እለዋለሁ፣ ያልፋል።

ገጹ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የማናውቀው የውጭ ሰው ስሙን ወሰደው፤ በማኅበሩ ስም የሚከፈተው ገጽ የጫማ ማስታወቂያ ሆነ። በገጹ አግኝቶን የነበረ አንድ የውጭ ገዢ ሁለት ጊዜ ስልክ ደውሎ ማንነታችንን ጠየቀ፤ ከዚያ ተወው።

ሊቀመንበሩ ወደ መዝገብ ቤት መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ማስጠንቀቂያ መጥቶልሽ ነበር?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ! ታዲያ ዝም ትያለሽ?»

«ባለቤቱ አንተ ነህ። ቃለ ጉባኤው የሚለው እንደዚያ ነው።»

በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ቢናገር የትርፉ ወረቀት ጉዳይ ይነሣል።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የሸኮው ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኙኝ። ከዘራ ይዘው፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነበር።

«ልጄ፣ ያ ስማችን አለ?»

«አለ፣ አባቴ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ወደ ሸኮው መኪና ሄዱ።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ከተከመሩት ወረቀቶች መካከል የነጥብ ኢቲውን ማመልከቻ አገኘሁት፤ ማኅተም አላረፈበትም። ቁጥር ሰጥቼ ከተዘጉ ጉዳዮች ጋር አስገባሁት።