ሄልሜቱን ማን ወሰደው?

የሞተር ሳይክል መጽሔት መሰብሰብ የጀመርኩት ሶዶ በመምህርነት ስመደብ ነው። የድሮዎቹ ፍሬን እንዴት እንደሚጠብቅ ያስተምሩ ነበር፤ የዛሬዎቹ ፍጥነትና ፎቶ ብቻ! አንዱን ተናድጄ «ለግድግዳህ ይሁንህ» ብዬ ያለ ሄልሜት ለሚነዳው ጎረቤቴ ለባለሞተሩ ታደሰ ሰጠሁት።

ታደሰ ባለፈው ወር የቤሌ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ለቅሶ ስደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ ከዚያው መጽሔት የተቀደደ ገጽ ቆሟል። ሄልሜት ፊቱን የሸፈነው አንድ ፈረንጅ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይበራል። ለቀስተኛው እሱን እያየ ያለቅሳል። ልናገር ስል እናቱ ክንዴን ያዙኝ።

«መምህር፣ ሌላ ፎቶ የለውም። ‹እማ፣ ይሄ እኔ ነኝ› ብሎ ነው የሰጠኝ።»

ክንዴን ሳይለቁ ቀጠሉ።

«ሬሳውን ሲያመጡልኝ ግን ሄልሜቱ የለም። ማን ወሰደበት?»