ሳጥኑን የሚሸከሙት
ወንድሜ ክሊፎርድ ሄይግ እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል ቆፍሯል። ሰው የሚያስታውሰው ግን እንደ ፈረንጆቹ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ከከተማችን የራግቢ ቡድን ጋር ዋንጫ በማንሳቱ ነው። ሁለተኛውን ዋንጫ ያመጣው የሰባ ዘጠኙ ቡድን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሊፎርድና የሰባ ዘጠኙ አምበል ዴኒስ ኦልድሮይድ በክለቡ መጠጥ ቤት «የማን ቡድን ይበልጣል» እየተባባሉ ሲናከሱ ኖሩ።

«እኛ ከጉድጓድ ወጥተን ፊታችንን ሳንታጠብ ነበር የምንገጥመው» ይላል ክሊፎርድ። «እናንተ እግራችሁን ስትታሹ ነው የከረማችሁት።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አሥራ ሦስታችሁም ተጫዋቾች ኤሊ ነበራችሁ እኮ! ኳሷ ራሷ እናንተን ስትጠብቅ ታንቀላፋ ነበር።»

በእኛ ከተማ ዋንጫ ያነሳ ሰው ሲሞት የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። ቁጥራቸው ካልሞላ ሌላውን ዋንጫ ያመጡት ሰዎች ይሞሉላቸዋል። ክሊፎርድ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ «ከሰባ ዘጠኞቹ አንድም ሰው ሳጥኔን እንዳይነካ» አለኝ። እሺ አልኩት።

በቀብሩ ቀን ከስልሳ ሦስቶቹ የተገኙት አራት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ በከዘራ ነው የሚሄደው። ዴኒስ ጥቁር ክራቫት አስሮ ከጓደኞቹ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል።

«ኤድና፣ ይጥሉታል። ተይ ፍቀጂልን።»

«አይሆንም» አልኩት።

አራቱ አነሱት። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ። የአንደኛውን ከዘራ እኔ ያዝኩለት።

«ዛሬም ኤሊ ናቸው!» አለ ዴኒስ ከኋላዬ።

ዞሬ አላየሁትም። ሳጥኑ መቃብሩ አፍ እስኪደርስ መሬት አልነካም።