ጋሼ ቢጫን ያጡበት ዓመት

ካምፓላ የመጣሁት የአክስቴ ልጅ ካንሳንጋ ሰፈር የከፈተችውን ምግብ ቤት ላግዛት ነበር። ምግብ ቤቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ እሷ ወደ ጁባ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ፎቶ ቤት የገባሁት እንግዲህ ሥራ አጥቼ ነው እንጂ ፎቶ ወድጄ አይደለም።

ፎቶ ቤቱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ክፍል ነበር። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ አዲስ አበባ ለጋዜጣ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እዚሁ ካምፓላ አርፈዋል። ልጅ የላቸውም። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ያነሳሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ኡጋንዳውያኑ ኩዋንጁላ የሚሉትን፣ ሙሽራው ከነሽማግሌዎቹ የልጅቷ ቤተሰብ ጋ ሄዶ የሚተዋወቅበትን ድግስ።

መጀመሪያ ስልክ ማንሳትና የታተመ ፎቶ መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ቆይቶ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጡኝ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ ማንጎ ነበር። ጋሼ ከመንገድ ዳር የገዙትን የበሰለ ማንጎ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው አነሱት፤ ከዚያ ያንኑ ማንጎ ቢጫ ፎጣ ላይ አድርገው አነሱት። ሁለቱን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አድርገው፣

«የቱ ማንጎ ይበልጥ ብርቱካናማ ነው?» አሉኝ።

«ሳፋው ውስጥ ያለው።»

«አንድ ማንጎ ነው እኮ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ባላንጣ ናቸው፤ አንዱ አጠገቡ ያለውን ያስጮኸዋል። ፎጣው ግን ዘመዱ ስለሆነ ይውጠዋል።»

ከዚያ የቀለሙን ክብ በወረቀት ሣሉልኝ፤ ቀይ ከአረንጓዴና ሰማያዊ ቅልቅል ፊት ለፊት፣ ቢጫና ብርቱካናማ ከሰማያዊ ወገን ፊት ለፊት። ፎቶ በጣም ቢጫ ከሆነ ቢጫውን አትቀንሺም፣ ሰማያዊ ታክይበታለሽ አሉኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ስላይደር የሚሉት አንድ ተንሸራታች ማስተካከያ አለ፤ ወደ ግራ ሲጎትቱት ፎቶው ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ሲጎትቱት ቢጫ ይሆናል። ጋሼ ከሁሉም በላይ ያንን ስላይደር ያከብሩት ነበር። «መጀመሪያ ማስተካከል፣ ከዚያ ማሳመር» ይላሉ። ማስተካከል ማለት ነጩ ነጭ እንዲሆን፣ ሰው ራሱን እንዲመስል ማድረግ ነው። ማሳመር ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥላው ውስጥ ትንሽ ቅዝቃዜ፣ ብርሃኑ ላይ ትንሽ ሙቀት መጨመር፣ የድግሱን ስሜት ማምጣት።

የካምፓላ ብርሃን አስቸጋሪ ነው። ቀዩ አፈር ብርሃኑን ከታች ወደ ሰው አገጭ ይመልሰዋል፤ ሰማያዊ ድንኳን ስር የተቀመጠ ሽማግሌ የታመመ ይመስላል። ጋሼ የአንዱን ሰው አገጭ ለይተው ቀዩን ሲቀንሱ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ሌሎች ፎቶ ቤቶች ፊት ሁሉ ያነጣሉ፤ ደንበኛም ይወደዋል። እርሳቸው እምቢ ይሉ ነበር። «ማፍካት ሌላ፣ ማንጣት ሌላ። እናቷ ስታያት ልጄ ናት ካላለች ምን ሠራሁ?»

ስለዚህ ቀለም የእርሳቸው ብቻ ነበር። እርሳቸው ጨርሰው ይሰጡኛል፤ እኔ ትንንሽ እድፍ አጥፍቼ፣ ጠርዝ ቆርጬ ወደ ማተሚያ ቤት እልካለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን።

አምና ከፋሲካ በኋላ የአንዲት ሐበሻ ሙሽራ ፎቶ ሰጡኝ። ቀሚሷ በአንዱ ፎቶ እንደ በረዶ ሰማያዊ ነው፤ ቀጥሎ ባለው፣ እዚያው ቦታ በተነሳው፣ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ደክሟቸው ነው አልኩ። ጋሼ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ስላይደሩን እየጎተትኩ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። ወደ ሰማንያ ፎቶ ነበር። ሲመለሱ ምንም አላልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ ትንሽ ሰማያዊ አልሆነችም?»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፤ ራቅ አሉ፤ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ስክሪኑ ነው» አሉ። «አርጅቷል።»

በዚያው ሳምንት አዲስ ስክሪን ገዙ። ከአዲሱ ስክሪን በኋላም ቀለሙ እንደዚያው ሲዋልል እንደገና ለመናገር ድፍረት አጣሁ። የስክሪኑን ላስቲክ ሲልጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አስታውሳለሁ፤ ነገሩ ተፈታ ብለው ነበር።

ልክ እንዳደረግኩ ነበር የማስበው። ምሳ ሰዓት የእኔ ሥራ ሰዓት ሆነ። በር ዘግቼ፣ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን፣ እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ በአንድ እጄ ይዤ፣ ቂጣው ውስጥ የተጠቀለለው እንቁላል እየቀዘቀዘ፣ የጋሼን ቀለም አቃናለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር። ደንበኞች ደውለው «ቀለሙ እንዴት ያምራል!» ሲሉ ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በሆዴ የኔ ነው እላለሁ። የማላውቀውን ሁሉ ካስተማሩኝ ሰው በልጬ መገኘቴ ደስ አሰኝቶኛል። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ሌላም ምልክት ነበር። ሻያቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡትና ይወድቃል። ደረጃው ላይ የመጨረሻዋን መርገጫ ይስታሉ። አንድ ቀን መንገድ ስንሻገር ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሊገጫቸው ምንም አልቀረውም፤ ሞተረኛው እየተሳደበ አለፈ። «ከየት መጣ?» አሉኝ። ከግራ በኩል፣ ከሩቅ፣ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር የመጣው። እኔ ግን የሁለቱን ነገር፣ የቀለሙንና የሞተሩን፣ አንድ ላይ አላሰብኳቸውም።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሄደ። በዘንድሮው ዝናብ ወባ ያዘኝና አንድ ሳምንት ተኛሁ። ሰኞ ስመለስ ጋሼ ደስ ብሏቸው፣ «አንቺ ባትኖሪም አንድ የኩዋንጁላ አልበም ጨርሼ አስረከብኩ» አሉኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሙሽሪት አክስት መጡ። ግዙፍ፣ ጨዋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። አልበሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ከያዙት ፌስታል ደግሞ ለድግሱ የለበሱትን ጎሜሲ አወጡ፤ ትከሻው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ በሰፊ መቀነት የሚታሰረው የአገራቸው ቀሚስ ነው። እንደ ሱፍ አበባ ቢጫ ነበር። አልበሙን ገልጠው ቀሚሱን ከፎቶው አጠገብ ዘረጉት። ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ አመድማ ነው፤ የለበሱትም ሴቶች ከነፊታቸው አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ።

«ስድስት እህትማማቾች ይህንን ቀለም መርጠን ነው ያሰፋነው» አሉ በእንግሊዝኛ። «እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ያሉት ሴቶች እነማን ናቸው?»

ጋሼ ቀሚሱን አዩ። ፎቶውን አዩ። ጎንበስ ብለው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። ገጽ ገለጡ፣ ሌላም ገለጡ።

«አንድ ነው እኮ» አሉ።

ሴትዮዋ የተቀለደባቸው መሰላቸው፤ አፈጠጡባቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «አንድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ።»

«ልዩነቱ ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ አልበሙ እንደገና እንደሚሠራ ነገሯቸው፤ እስከ ደረጃው ሸኟቸው። ተመልሰው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና የአምናን ሠርጎች መክፈት ጀመሩ። ሶፍትዌሩ አንድ ፎቶ ላይ የተሠራውን ሁሉ በተራ ይመዘግባል፤ ማንበብ ደግሞ አሁንም ይችላሉ። ከእርሳቸው ሥራ በኋላ የእኔ እጅ፣ በየፎቶው፣ ያቺ ስላይደር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አንዱን ከፍተው ሌላውን ከፈቱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ከፋሲካ በኋላ።»

የክፍሉን መብራት አጥፍተው ወጡ። እኔ ውስጥ መሆኔን የረሱ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓይን ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ አገጫቸውን የሚያስደግፉበት፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ መሣሪያ ፊት አስቀምጣ ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። ውስጡ ትንንሽ መብራት ይበራል፤ ባዩ ቁጥር መጫን ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ የነርሷን ስክሪን አያለሁ። ነጥቡ ይበራል፤ ጋሼ አይጫኑም። ይበራል፤ አይጫኑም። አንዳንዴ ምንም ሳይበራ ይጫናሉ። ስትጨርስ የታተመውን ወረቀት ሰጠችን። የሁለቱ ዓይኖቻቸው የእይታ ሥዕል ነው፣ የማያዩበት ቦታ በጥቁር፤ የግራው ከዳር እስከ መሀል ጠቁሯል፤ የቀኙ ግማሹ።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። ግላኮማ ነው አለች፤ የዓይኑ ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ ገድሎታል፤ ሕመም ስለሌለው ሰው አያውቀውም። የሄደው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ እሱም ከቆየ።

«ከዓመት በፊት ብትመጡ ብዙ እናተርፍ ነበር» አለች። «የቀለም ባለሙያ ነዎት። ቀለም ሲምታታብዎ፣ ቤት ወይም ሥራ ቦታ ልብ ያለ ሰው አልነበረም?»

ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም።

«አልነበረም» አሉ። «ማንም አላየም።»

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አለቀስኩ። ጋሼ መስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። «ተይ፣ ሰው ያይሻል» አሉኝ።

ሥራውን ወዲያው አልተዉም። ቀለሙን በቁጥር መሥራት ጀመሩ። ሶፍትዌሩ ጠቋሚውን ያሳረፉበትን ቦታ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በቁጥር ያሳያል። የሰው ቆዳ ላይ ቀዩ ከሁሉ መብለጥ፣ ሰማያዊው ከሁሉ ማነስ አለበት። ይህንን ያውቁ ነበርና ቁጥሩን በትልቁ አስደርገው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ጉንጭ በጉንጭ እያነበቡ ያስተካክላሉ። ቀድሞ በአንድ ቀን የሚያልቀው ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ወር ታገሉ። አንድ ከሰዓት የአንድ ክርስትና ፎቶዎች ጨርሰው ጠሩኝ።

«እንዴት ነው?»

ቁጥሩ ልክ ነበር። ነገር ግን ሕፃኑም፣ አያቱም፣ ፀሐይ ላይ የቆመውም፣ ግድግዳ ጥላ ስር ያለችውም አንድ ዓይነት ፊት ሆነዋል፤ ከአንድ ቡናማ ሸክላ የተሠሩ ይመስላሉ። የሰዓቱ ብርሃን ጠፍቷል።

«ጥሩ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከስክሪኑ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁንም?» አሉኝ።

«ሁሉም አንድ ፊት ሆነዋል ጋሼ። ትክክል ነው፤ ግን ሕይወት የለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስክሪኑን በእጃቸው ዳስሰው አጠፉት። ከዚያ ቀን በኋላ አልከፈቱትም።

ታናሽ እህታቸው ከአዲስ አበባ መጥታ ወሰደቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ መደገፌን አልወደዱትም፤ ግን አልከለከሉኝም። ምክር አልሰጡኝም፤ አልመረቁኝም። ለእህታቸው «ጎበዝ ሠራተኛ ናት» አሉልኝ፤ እንደ እንግዳ ሰው።

ክፍሉ አሁን የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ሆኗል። እኔ ኪሱጉ ሰፈር ያለ ሌላ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ የቀለም ቅንብር አለ፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ አምስት መቶ ፎቶ ላይ ይፈሳል፤ ጥላው ሁሉ ሰማያዊ፣ ፊቱ ሁሉ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ማንጣት። ሥራ ስጀምር የአንዲት ሙሽራን ፊት፣ እናቷ ልጄ ናት እንድትል፣ ብቻውን ለይቼ አቃናሁት። አለቃዬ አይቶ፣ «ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልለየሁም።

ለጋሼ በየእሑዱ እደውል ነበር። አንድ እሑድ እንደምንም ብዬ ጀመርኩ፤ «ጋሼ፣ ያኔ ብነግርዎ ኖሮ…»

«ተይው» አሉኝ፤ ዝናብ እንዳለ ጠየቁኝ። አለ አልኩ። እዚህም አለ አሉኝ። ከዚያ ስለ ዝናብ ብቻ እናወራ ጀመር።

ባለፈው ስደውል ስልኩን ያነሳችው እህታቸው ናት። የቀኙም ዓይን እንደሄደ ነገረችኝ፤ ጠብታውን ሳያቋርጡ ነው የሄደው። «ላቅርብልሽ» ብላ ሄደች። ከሩቅ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን አልለየሁትም። ተመልሳ መጣችና፣

«ተኝቷል» አለችኝ።

እኔም እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም።